የአበራሽ ግልምጫ

አበራሽን የማያውቅ የጅማ ሰው ካለ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ታይፒስት ነበረች። ባለጉዳይ ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ ገልመጥ ታደርገውና ወደ ማሽኗ ትመለሳለች፤ ሰውዬው ዳኛው ፊት ሳይቀርብ የተፈረደበት ይመስለዋል። ዳኞቹንም ትንቃለች፣ ጠበቆቹንም ትንቃለች። ሄርማታ ገበያ ጀርባ ያሉትን ጎረቤቶቿንማ ሰላም የምትላቸው ለነፍሷ ብላ ነው።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። የእጇ ቆዳ ወፈረ፤ ላዩ ላይ ሰም የመሰሉ ጥቃቅን እብጠቶች በመስመር ተደረደሩ። ከዚያ ወደ አንገቷ ወጣ፣ ከአንገቷ ወደ ግንባሯ። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምች ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ቡና ነጋዴው ፈይሳ ደግሞ “ማል ተኤ እትዬ? ምን ተገኘ? አለርጂ ነው፤ እኔም ነበረብኝ” ብሎ የተረፈውን ቅባት ይዞላት መጣ። ሁሉንም በየተራ ገላመጠቻቸው።

ሆስፒታል ያያት ለይኩን የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ብላ እሱንም ናቀችው። እሱ ግን አልከፋውም።

“ይሄ በየቀኑ የምናየው በሽታ አይደለም” አላት። “በዓይን አይቼ አልገምትም። ከክንድዎ ትንሽ ቆዳ ቆርጠን በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ቶሎ ካልደረስንበት አፍዎ እየጠበበ ይሄዳል፤ ፊትዎም አይታዘዝልዎትም።”

አበራሽ ለአፏ ብዙም አልደነገጠች። የፊቷ ነገር ግን ሌላ ነው። ፊቷ ከከዳት ምን ቀራት?

ምስር የምታክል ቆዳ ተቆረጠችና ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገባች። የሚያነበው አዲስ አበባ ስለሆነ በሰው መላክ ነበረባት። ታናሽ እህቷ ተናኘ ደግሞ ልጇን ልታይ ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ወደዚያው መሄዷ ነው። አበራሽ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ይህችን እህቷን ነበር፤ ግን ሌላ ማን አላት?

“እንዳትከፍቺው” አለቻት።

“ምን ቆርጦኝ እትዬ” አለች ተናኘ።

ውጤቱ ከብዙ ጥበቃ በኋላ መጣ። ናሙናው በስብሷል፣ ምንም አይታይበትም። ለይኩን ግራ ተጋብቶ ተናኘን አስጠራት። እሷም ያለ አንዳች እፍረት ተናገረች።

“አውቶቡስ ውስጥ ሸተተኝ፤ ከፍቼ ባሸተው፣ የባሌ ወንድም ሬሳ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የተደረገበት መድኃኒት ነው። በቁሟ ያለች እህቴን ሥጋ በሬሳ መድኃኒት ዘፍዝፌ ልሂድ? ሟርት አይደለም? ደፋሁትና ጠበል ሞላሁበት። ሥጋዋ ጠበል ውስጥ ከሰነበተ ሌላውም አካሏ ይድናል ብዬ ነው።”

“አንቺ ደንቆሮ” አለች አበራሽ፤ “ድሮም ጭንቅላትሽ ጌጥ ነው።” ያን ቀን ግልምጫዋ ገና ይሠራ ነበርና ተናኘ አንገቷን ደፋች።

ከክንዷ እንደገና ሌላ ቆዳ ተቆረጠ። ወር አልፎ ወር ሲመጣ ውጤቱና ቆዳዋ የተለጠፈበት ስስ መስታወት ተመለሱ፤ አሳየኝ ብላ ድርቅ ስላለች ለይኩን ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሳት። ሮዝ ክሮች አየች።

“የቆዳዎ ክሮች ናቸው። ተጠጋግተው መተኛት ነበረባቸው። በመካከላቸው አጥሚት የመሰለ ነገር ገብቶ አራርቋቸዋል። ክር የሚሠሩት ሴሎችም ያለ ቅጥ በዝተዋል፤ ሥርዓት የላቸውም፣ ዝም ብለው ይፈትላሉ። ስክለሮሚክሲዴማ ይባላል።”

“ሥራ ፈት እዚህም ገብቷል በለኛ” አለች፤ ከንፈሯ ግን እንደ ልቧ አልተጣመመላትም።

“መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንጀምራለን። በመጀመሪያው ጊዜ ብንደርስበት ኖሮ ፊትዎን እናተርፈው ነበር። አሁን ለፊትዎ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም።”



ተናኘ የየቡን ቤቷን ለልጆቿ ትታ ልታስታምማት ገባች። የአበራሽ ጣቶች ማንኪያ ስለማይዙ ሾርባ የምታጎርሳት እሷ ናት። አንድ ቀን እያጎረሰቻት “እትዬ፣ በዚያ በብልቃጡ ነገር ተቀይመሽኛል?” ብላ ጠየቀቻት። አበራሽ የዕድሜዋን ንቀት ሁሉ አሰባስባ ልትገላምጣት ሞከረች። ቅንድቧ አልተነሳም፣ አፍንጫዋ አልተነፋም፣ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እንዳትሰድባት ማንኪያው አፏ ውስጥ ነው።

ተናኘ ትክ ብላ አየቻትና ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “ተመስገን፤ ፊትሽ ላይ ቂም የለም” አለች። አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት።

ወሬው ሄርማታን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በሽታው አበራሽን ትሑት አደረጋት ተባለ። ድሮ ደጇን የሚፈሩት ሁሉ ይገቡ ይወጡ ጀመር። ፈይሳ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ አለርጂው ያወራላታል፤ ሴቶቹ ጉንጯን እየዳሰሱ እንዴት መልካም ሴት ናት ይላሉ። አበራሽም መሃላቸው ተቀምጣ አንድ በአንድ ትንቃቸዋለች፤ አንዳቸውም አያውቁላትም።