የበድሩ መሐላና የመኪናው ማጥፊያ

በድሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ ከከሚሴ ባቲ ሲመላለስ ኖሮ፣ ዘንድሮ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ገዛ። መኪናዋን ወደዳት፤ አንድ አመሏን ግን ጠላው። ጎማዋ ሊንሸራተት ሲል ራሷ ነዳጅ ትቀንሳለች፣ ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ከመሪው አጠገብ ይህን አመሏን የሚያስተዋት ማጥፊያ አለ፤ ላዩ ላይ እባብ የሄደበት የሚመስል ዱካ ከኋላዋ የጣለች ትንሽ መኪና ተስላለች። በድሩ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ከቢስሚላሂ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ያንን መጫን ነበር።

«ሹፌሩ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች ጭኖ ወደ ጨፋ ሮቢት ወረደ። የእህቱ ልጅ ቶፊቅ ከሮቢት ወዲያ ባለች መንደር የምትኖር ኢማን የምትባል ልጅ ስለወደደ፣ አባቷን አቶ ዓብዱን ሊጠይቁለት ነው። ሸህ ሙሀመድኑር ከፊት፣ ሀጂ ሸምሱ ከኋላ፣ እንደ ወተት የነጣ ጀለቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ቶፊቅ ስለ ልጅቷ የነገራቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጨዋ ናት፣ ዝምተኛ ናት።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና አስፋልቱ ያብረቀርቃል። አንድ ኩርባ ላይ ግመሎች መንገዱን ሞልተው ብቅ አሉ። በድሩ ፍሬኑን ረገጠ፣ መሪውን ጠመዘዘ። የኋላው ጎማ ከዳው። መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረችና ፊቷን ወደመጣችበት አድርጋ ቆመች። ማንም አልተነካም። ግመሎቹ ዞር ብለው እንኳን አላዩአቸውም።

ሸህ ሙሀመድኑር ጨፍነውት የነበረውን ዓይናቸውን ከፈቱ። «ሱብሃነላህ! ተመለስን እንዴ?» አሉ።

ሀጂ ሸምሱ ከኋላ ሆነው የበድሩን ትከሻ ጨመደዱ። «ያቺን ነገር አጥፍተሃታል አይደል?»

«ሀጂ፣ እኔ እኮ ሃያ ስምንት ዓመት…»

«አብራትና ማል! አሁኑኑ!»

በድሩ ማጥፊያውን ተጭኖ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን መልሶ አበራው። «ወላሂ፣ ቤታችሁ እስካደርሳችሁ ድረስ ሁለተኛ አልነካትም» አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሮቢት እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ ብሎ ነዳ። ሮቢትን አልፈው ወደ መንደሩ ሲታጠፉ ግን መንገዱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። የአቶ ዓብዱ ቤት ቆርቆሮ ከሩቅ መታየት ሲጀምር መኪናዋ ሰጠመች። በድሩ ነዳጅ ሰጠ። ጎማው ልሽከርከር ሲል መኪናዋ ትይዘዋለች፤ ሞተሩ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ መሪው ፊት ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትልበታለች።

በድሩ መፍትሔውን ያውቃል። እዚህ ጎማው መሽከርከር አለበት፤ ጭቃውን ልጦ ደረቁን መሬት እስኪያገኝ። ጣቱ ወደ ማጥፊያው ሄደና አየር ላይ ቀረ።

«ሸህ፣ መሐላ ቢፈርስስ?» ሲል ጠየቀ።

«ከፋራ አለው። አስር ሚስኪን ታበላለህ፤ ካልቻልክ ሦስት ቀን ትጾማለህ።»

«እሺ፣ እርስዎ ይጫኑልኛ። እርስዎ አልማሉ።»

«አላህን ልታታልልብኝ ነው?» አሉ ሸሁ፣ እጃቸውን ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ እየከተቱ።

ሀጂ ሸምሱማ ጭራሽ አይሆንም አሉ። «ደግሞ ልታዞረን ነው! ወርደን እንገፋለን እንጂ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከኋላ ቆሙና መግፋት ጀመሩ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

በዚህ መሃል አንዲት ልጅ የጎማ ቦቲ አድርጋ፣ እጇ ግራሶ እንደነካው፣ በእርሻው በኩል መጣች። ከጀርባዋ ማሳው ዳር ትራክተር ቆሟል።

«አከም ጅርቱ፣ አባቶቼ? ወዴት ነው?»

«ወደ አቶ ዓብዱ ቤት ነበር» አለ በድሩ በመስኮቱ።

«የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ያጥፉታ። እንዲህማ እስከ መስከረም አይወጣም።»

«ምዬ ነው።»

«ምን?»

ነገሩን ነገሯት። ልጅቷ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። «እኔ አልማልኩም» አለችና የመኪናዋን በር ከፈተች። በድሩ ከገዛት ወዲህ ያቺን መሪ ማንም ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም። ግን ምን ይበል? ወረደላት። እሷ ማጥፊያውን ተጭና መጥፋቱን የሚናገረው መብራት እስኪመጣ ያዘችው፣ ጎማውን ቀጥ አደረገች፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ከኋላ ዞር በሉ!» ብላ ጮኸች።

ሀጂ ሸምሱ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። «ግፉ» ያለች መሰላቸውና ሸሁንም ጎትተው ተጠጉ።

ጎማው ጮኸ፣ ጭቃው ተነሳ፣ መኪናዋ ተፈናጥራ ወጣች። ከኋላዋ ሁለት ጥቁር ሽማግሌዎች ቆመው ቀሩ። ከጀለቢያው ንጣት የተረፈ ነገር ቢኖር በብብታቸው በኩል ብቻ ነው።

ልጅቷ ወርዳ አየቻቸውና ደነገጠች። «አፉ በሉኝ! ለምን ጉዳይ ነበር የመጣችሁት?»

«ለኸይር ነው» አሉ ሸሁ ጺማቸውን እየጠረጉ። «የአቶ ዓብዱን ልጅ ልንጠይቅ።»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ለቶፊቅ?» አለች ቀስ ብላ።

በድሩ ያኔ ገባው። ጨዋ ናት፣ ዝምተኛ ናት! ቶፊቅ ቤት ስመለስ ይጠብቀኝ አለ በሆዱ።

አቶ ዓብዱ እንግዶቹን በር ላይ ሲያዩ «ውሃ አምጡ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። ውሃ ቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ ታጠቡ፣ ሸህ ሙሀመድኑርም ሳምንት ሙሉ ያዘጋጁትን ንግግር የሰው ሽርጥ አገልድመው አሰሙ። አባትየው ልጃቸውን ሊያማክሩ ገቡና ተመልሰው ወጡ።

«ኢማን እሺ ብላለች» አሉ። «አንድ ነገር ግን ትላለች፦ ‹እስከ አስፋልቱ የምነዳው እኔ ነኝ፤ አባቴም አብሮኝ ይሄዳል።›»

ስለዚህ በድሩ በገዛ መኪናው ከጎን ተቀመጠ። አቶ ዓብዱን ጨምሮ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው ዱዓ ያደርጋሉ። ኢማን በጭቃው ውስጥ መሪውን ግራ ቀኝ እያለች በእርጋታ ታልፋለች። «አስፋልት ላይ ግን መልሰው ያብሩት፣ ጋሼ። ለጭቃ ነው የሚጠፋው» ትለዋለች።

በድሩ አንድ ቁልቁለት ጋ ሲደርሱ ጥርሱን ነክሶ በቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ።

«ጋሼ» አለች ኢማን ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እዚያ ጋ ፍሬን የለም።»