የሯጩ ፊት

የአሮጌው ጋዜጣ ፊደል አንድ ሳይቀር ይነበባል። «የዘንድሮው የተማሪዎች ሩጫ አሸናፊ» ይላል፤ ከሥሩ የነርሷ ወንድም ስም ከነአባቱ ሰፍሯል። ከላዩ፣ ፊቱ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁረት ተለጥፏል። ነርሷ ዓይኗን ከማንበቢያው መሣሪያ መስታወት ሳትነቅል የማጉያውን ቁልፍ አዞረች። ጥቁሩ ሰፋ እንጂ ሰው አልወጣውም።

«ፊልሙ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለች።

የድሮ ጋዜጦች በፊልም ተቀድተው የሚቀመጡበት የማይክሮፊልም ክፍል ሠራተኛ፣ ጡረታው የደረሰ ቀልደኛ ሰው፣ መጥቶ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። አሁን ደግሞ ወንድሟ አንገቱ ላይ ባዶ ነጭ ክብ ተሸክሞ ቆመ።

«አልተበላሸም እህቴ። ጋዜጣውን በፊልም ያነሱት ሰዎች ጽሑፉ ቁልጭ እንዲል ብለው ጥቁሩን አጠቆሩት፣ ነጩን አነጡት። ጥላ ውስጥ የተነሣ ፎቶማ አለቀለት።»

«ዋናው ጋዜጣስ?»

«ፊልም እያለን ወረቀቱ ምን ይሠራልናል ተባለና ለሱቅ መጠቅለያ ተሸጠ። ይኼኔ አንዱ ስኳር ጠቅልሎበት ይሆናል።»

እግዚኦ፣ የሰው ቅልጥፍና! ሰውየው ሊያስቃት ነበር፤ እሷ ግን ደሟ ፈላ።

«ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም!» ብላ ጮኸችበት፤ ጮኻም አላበቃች፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ወታደሮች ቤት ለቤት ሲፈትሹ በነበረበት ዘመን እናቷ መልኩን እንዳያውቁት ብላ የልጇን ፎቶ በሙሉ፣ የሕፃንነቱን ሳይቀር፣ ምድጃ ውስጥ ማገደችው። ፎቶውም ነደደ፣ ልጁም እንደወጣ ቀረ። ነርሷ ያኔ ገና የእቅፍ ልጅ ነበረች፤ ወንድሟን በወሬ እንጂ በመልክ አታውቀውም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በልቧ ይዛው ኖራ፣ ዘንድሮ አልጋ ከያዘች ወዲህ አንድ ጠዋት ባንና ነቃች። «ፊቱ ጠፋብኝ! በእጄ አቃጥዬው፣ አሁን ደግሞ ፊቱ ጠፋብኝ!» ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ አላት። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እንደነበር ያስታወሰችው ራሷ ናት። ሐኪሞቹ ቀኗ ቀርቧል ብለዋል።

ሰውየው ቀልዱን ተወ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የፊልሙን ጥቅልል ወደፊት አስኬደው። ገጾቹ ዥው ብለው አለፉ፣ አንዱ ላይ ቆመ። ሌላ ውድድር፣ ሌላ ሯጭ። ይኼኛው በቀትር ፀሐይ ስለተነሣ ዓይኑም ጥርሱም ይታያል። ሳቂታ ልጅ ነው።

«ዕድሜያቸው አንድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሙን ትቼ ፊቱን ብቻ ላትምልሽ?»

«አብደዋል እንዴ? የሰው ልጅ ወስጄ ለእናቴ ልስጣት?»

«ታውቅብኛለች ብለሽ ነው?»

ነርሷ ወደ ሳቂታው ልጅ መለስ ብላ አየች። የፈራችው ታውቅብኛለች ብላ አልነበረም፤ ታምነኛለች ብላ ነው። ለሚሞት በሽተኛ «ይሻልዎታል» ማለት ለእሷ ብርቅ አይደለም፤ ስንቱን እንዲያ ብላ ሸኝታለች። ይኼ ግን ወንድሟን በገዛ እጇ መቅበር ሆነባት። ቢሆንም እናቷን እህል አልዋጥ ማለቱን አስባ «ያትሙት» አለች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ነርሷ አጠገቧ ቆማ ጠበቀች። አይደለም በይ፣ ወርውሪው፣ ስደቢኝ እያለች በልቧ ለመነቻት።

«እሱ ነው!» አለች እናቷ። «የኔ አንበሳ! አፈር ልብላልህ፣ እንዴት ረሳሁህ?» ሳመችው፣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ እንደገና አየችው። ከዚያም ርቦኛል አለች።

ነርሷ ጓዳ ገብታ፣ ሾርባው እስኪሞቅ አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እናቷ ትራሷን ተደግፋ ቀና ብላለች።

«ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ። አንቺ ወንድምሽን መች አየሽውና! ግንባሩን እይው፣ ቁርጥ ያንቺ እኮ ነው።»

ነርሷ ሳህኑን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየችው። ነጻ እጇ ሳታዘው ወደ ግንባሯ ሄደ።