አፋፍ ላይ አማርኛ አይወራም

ደበሳይ ሰው በጥፊ የሚያጮለው ከመብረሩ በፊት ነበር። ከወደቀ በኋላማ ምኑን ይመታዋል! አንድ የሮም ጠበቃ ይህችን ትምህርት በሃምሳ ሰው ፊት ቀምሷታል። ጠበቃው ክንፉን ተሸክሞ ወደ ገደሉ ሊሮጥ ሲንደረደር፣ ደበሳይ ከኋላው ቢያይ፣ ሰውየውን ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው የብረት መቆለፊያ ጀርባው ላይ ይወዛወዛል። አልታሰረም ማለት ነው። አራት እርምጃ ቢጨምር ክንፉ ወደ ሰማይ፣ ጠበቃው ወደ ቋጥኝ ነበር የሚሄዱት። ደበሳይ ጥፊውን አሳረፈበትና የወደቀ መነጽሩን ከሣር ውስጥ ለቅሞ አቀበለው። ሰውየው ካልከሰስኩህ እያለ ሲፎክር ዋለ፤ በሳምንቱ ግን አንድ ዳሚጃና ወይን ይዞለት መጣ።

ነገሩ የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት ደርግ ሰዉን በረሃብና በጦርነት ያምሳል፣ ሮም ላይ ደግሞ ሥራ የፈታ ሁሉ ካልበረርኩ ብሏል። ዴልታፕላኖ ይሉታል። ከብረት ቱቦና ከሸራ የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ ነው፤ ሞተር የለው፣ መቀመጫ የለው። ሰውየው ከሥሩ ይንጠለጠልና ከገደል ላይ ሮጦ ይወጣል። ጣልያን ሲጠግብ የሚሠራውን አያጣም! ደበሳይ አዘቦቱን ኦስቲያ ባሕር ዳር የጀልባ ሸራ ይሰፋል። አንድ ቀን የተቀደደ ክንፍ አመጡለት፤ ሰፋላቸው፤ እስቲ ሲበር ልየው ብሎ አብሯቸው ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሑድ እሑድ ጧት ከሚኖርበት ሰፈር ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ በፊያት መኪና ተጭኖ ከሮም በስተደቡብ አንድ ሰዓት ተጉዞ ተራራው አናት ላይ ይወጣል። ቀስ በቀስ የአፋፉ አለቃ እሱ ሆነ። ንፋሱ ከፊት ካልመጣ ማንም አይነሳም፤ ከፊት ቢመጣም ደበሳይ ሳይፈቅድ ማንም አይነሳም። በአምስት ዓመት ውስጥ እጁ ላይ አንድ ሰው አልሞተም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ንፋሱ ሲጠነክር ክንፉን ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ አንዱ አፍንጫውን፣ ሁለቱ የግራና የቀኝ ሽቦውን። በራሪው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ማሰሪያው እንደያዘው ያሳያል፣ ከዚያ ተነስቶ ዝግጁ ሲሆን «ሞላ!» ብሎ ይጮኻል። በጣልያንኛ ልቀቁ ማለት ነው። ሦስቱም እኩል ይለቃሉ። አንዱ ለቆ ሌላው ከያዘ ክንፉ ዞሮ ሰውየውን ከድንጋይ ይፈጠፍጠዋል። እንግዲህ መከራው የመጣው ከዚህች ቃል ነው። አምኃ የመጀመሪያ ቀኑ ላይ ንፋሱ ሸራውን ሲነፋው ጊዜ በደስታ «ኧረ ሸራው ሞላ!» ብሎ ባማርኛ ጮኸ፤ ጣልያኖቹ እኩል ለቀቁት፤ ደግነቱ ንፋሱ ደካማ ስለነበረ በቂጡ ተቀምጦ ቀረ። ደበሳይ እዚያው በጥፊ አላሰውና «ከዛሬ ጀምሮ አፋፍ ላይ አማርኛ አይወራም!» ሲል ደነገገ። ከሁለቱ በቀር አማርኛ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

አምኃ ሮም ካለው የዓለም የምግብ ድርጅት የሚሠራ፣ ከረባት የማይለየው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ደበሳይን በአሥር ዓመት ያህል ስለሚያንስ «ጋሽ ደበሳይ» እያለ አንቱ ይለዋል። ደበሳይ አማርኛን አሥመራ ትምህርት ቤት በአለንጋ ነው የተማረው፤ ቢሆንም ከአምኃ ጋር ሲያወራበት ይጣፍጠዋል። አምኃን ይወደዋል፤ መውደድ ብቻ አይደለም፣ ይሳሳለታል። አገር ቤት እያለ አውሮፕላን ያበር እንደነበር አምኃ ነግሮታል። «የአንበጣ መድኃኒት እረጭ ነበር» ነው ያለው። እውነትም የምግብ ድርጅት ሰው አይደል? ደበሳይ አምኖ ተቀበለው።

የሚያዝያ እሑድ ነበር፤ ከሜዳው የሚነሳው ንፋስ ገደሉን ሽቅብ እየላሰ ይወጣል። አምኃ ክንፉ ሥር ገብቶ ሁለቱን የመሪ ቱቦዎች ጨብጧል። ገና አልታሰረም። ኦታቪዮ የሚባለው ከሀብታሞቹ ሰፈር ከፓሪዮሊ የመጣ ጎረምሳ አፍንጫውን ይዟል፣ ጓደኛው የቀኙን ሽቦ፣ ደበሳይ የግራውን። ንፋሱ እስኪረጋ ሲጠብቁ ኦታቪዮ ፈራ መሰለኝ፣ «ከተራራው ጀርባ ያለው ንፋስ እንደሚሉት ያስፈራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱማ አውሬ ነው» አለ አምኃ በጣልያንኛ፤ ሊያጀግነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። «እኔን በጄት እንኳ አንገላቶኛል። አገሬ ሰሜን ውስጥ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ቦምብ ጭኜ ተራራ ተሻገርኩ። ጀርባውን ሳልፍ ንፋሱ አውሮፕላኑን በጥፊ መታው። ቦምቡ ከተባልኩት ቦታ ሸሽቶ ገበያ ላይ ወረደ። ስለዚህ ከተራራ ጀርባ አትግባ።»

ስለ ንፋስ እያስተማረ ነው እኮ! ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«የት?» አለው ደበሳይ፣ እሱም በጣልያንኛ።

«ዓዲ ሰጓን የምትባል መንደር።»

ደበሳይ ሮም በገባ በሁለተኛ ዓመቱ ከዚያች መንደር አራት መስመር ደብዳቤ ደርሶት ነበር። እናቱ የሦስት ዓመት ልጁን ጽገወይኒን ይዘው ቅዳሜ ገበያ ወጡ፤ አውሮፕላን መጣ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። የተቀበረ ነገር ስለመኖሩ ደብዳቤው አይናገርም። ልጁን ትቷት ሲወጣ ገና ዳዴ አልጀመረችም ነበር። በእግሯ ስትሄድ አላያትም።

አፋፍ ላይ ጠብ እንደማይነሳ የሰበከው ራሱ ነው። ለራሱም ነገረው፤ ዝም በል ደበሳይ፣ ክንፉን ይፍታ፣ ይውረድ፣ መኪናው ጋ ስትደርሱ ግደለው። በእውነት እንደዚያ ነበር ያሰበው፤ የጎማ መፍቻው የት እንዳለ ሳይቀር ትዝ ብሎታል። ጥርሱን ነክሶ ሽቦውን ጨበጠ። ሲጨብጠው ግን ከልክ በላይ ስቦት ክንፉ ወደ ግራ አዘነበለ።

አምኃ አየው። ማሰሪያውን ሊቆልፍ ወደ ጀርባው የሰደዳትን እጁን መለሰ። «ጋሽ ደበሳይ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለው ባማርኛ።

ባማርኛ! በዚያ ሁለቱ ብቻ በሚጣፍጣቸው ቋንቋ። ደበሳይ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ቅዳሜ ነበር» አለ። «ዓዲ ሰጓን ገበያዋ ቅዳሜ ነው። እናቴና ልጄ እዚያ ነበሩ።»

አምኃ የመለሳትን እጁን ቱቦው ላይ አጥብቆ ጨበጠ።

«አንበጣ ነው ያልከኝ! ልጄ አንበጣ ናት? አብሬህ በላሁ፣ ክንፍህን ሰፋሁ! ጽዋህ ሞላ! ሰማህ? ጽዋህ ሞላ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኦታቪዮ ከዚህ ሁሉ የገባው አንዲት ቃል ናት። ሞላ! ለቀቀ። የቀኙም ለቀቀ።

ንፋሱ ይህንን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ክንፉን ከመሬት መንጥቆ አነሳው። አምኃ ቱቦዎቹን እንደጨበጠ እግሩ መሬት ለቀቀ። ከክንፉ ጋር ያያያዘው ከአሥር ጣቱ በቀር ምንም አልነበረም። ደበሳይ የግራውን ሽቦ እንደያዘ በደረቱ ተደፋ፤ ሽቦው እየጎተተ በድንጋዩ ላይ ሲያስኬደው የሸሚዙ አዝራር ተበጥሶ አለቀ፣ ቆዳው ተገሸለጠ። አፋፉ ላይ ሲደርስ አንገቱን ቀና ቢያደርግ አምኃ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ እግሩ አየር ይራገጣል። ከሥሩ ሦስት መቶ ሜትር ባዶ ነው።

መልቀቅ ብቻ ነበር የሚበቃው። እጅህን ክፈት፣ አለቀ። ማን ይጠይቀዋል? ሁለቱ ለቀዋል፤ ሦስተኛው ቢለቅ ደንቡ ነው። አምኃ አምስት ደቂቃ በእጁ አይንጠለጠልም። ደበሳይ ይህ ሁሉ ገብቶታል፤ እንዲሞትም ፈልጓል፣ ከልቡ ፈልጓል። ቃሉን ከአፉ ያወጣው ግን እሱ ነው። አሁን ከለቀቀ ገዳዩ ንፋሱ አይደለም፣ ደበሳይ ነው፤ የገበያውን ነገር በንፋስ እንዳመካኘው እንደዚያ ሰውዬ እሱም እስኪሞት በንፋስ ሲያመካኝ ሊኖር ነው። እንቢ አለ። ማንም እንዳያደርገው ሺህ ጊዜ የጮኸበትን ነገር አደረገ፤ ሽቦውን እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው።

ሽቦው ሥጋውን በልቶ አጥንቱ ጋ ደረሰ። ደበሳይ እንደ በሬ አጓራ። እግሩን ከአንድ ቋጥኝ ጋር አጣብቆ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ክንፉ በተያዘው ጎኑ ላይ ዞረና፣ ሰማይና ምድር ተገለባብጦ፣ አምኃን እንደያዘ ከአፋፉ ላይ ተፈጠፈጠ። ቱቦው ሲሰበርና የአምኃ ጭን ሲሰበር ድምፁ አንድ ላይ ተሰማ። የደበሳይ ሁለት ጣቶች ሽቦው ላይ ቀሩ።

ኦታቪዮና ጓደኛው ሊረዱ ሲሮጡ ደበሳይ ቀደማቸው። በጉልበቱ እየዳኸ ሸራው ሥር ገባና አምኃን አገኘው። ኦታቪዮ ሊያወጣው መስሎት «ብራቮ!» አለ። ደበሳይ በደህና እጁ ቡጢውን አሳረፈ። አፍንጫው ላይ፣ አፉ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ። «ዓይንህ የት ነበር? አላየሃትም? ሕፃን አይታይም?» ይላል ይመታል፣ ይላል ይመታል። የተቆረጠው እጁ በሚረጨው ደም ሸራው ተለወሰ። አምኃ እጁን አላነሳም፣ ፊቱንም አልሸሸገም። «አየሁ» አለ አንድ ጊዜ፣ ጥርሱ ተሰብሮ። «ሲወርድ አየሁ።» ደበሳይ ይህን ሲሰማ ይባስ ጨመረ። ሁለት ጎረምሳ ተረባርበው ነው ያላቀቁት።

አንድ አምቡላንስ ስለነበረ ሁለቱንም እሱ ላይ ጭነው ሮም አመጧቸው። በማግስቱ ሐኪም ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ እጁ ተጠቅልሎ፣ አንዱ እግሩ ተሰቅሎ፣ ሳይተያዩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ የካራቢኒየሪ ማሬሻሎ፣ የፖሊስ ሹም መሆኑ ነው፣ ባለ ጥቁር ማስታወሻ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ድብደባው አምኃ አልከስም አለ። ማሬሻሎውን ያስጨነቀው ሌላ ነው። ጎረምሶቹ አንድ ሰው ሞላ ሲል ሰማን ብለዋል። ሰውየው ከክንፉ ጋር ሳይታሰር ይህን ቃል ያለ በግድያ ሙከራ ሊጠየቅ ነው። የውጭ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሰረዝና ከእስሩ በኋላ ወደ አገሩ ይባረራል። ደበሳይን አየው። ወደ አገር ማለት ወደ ደርግ ማለት ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ወጥቶ የቀረ ኤርትራዊ ቦሌ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ደበሳይ ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ አምኃ ከአልጋው። ከንፈሩ አብጦ በቅጡ አይናገርም። «ሞላ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሰሪያዬን መቆለፍ ረስቼ። ጥፋቱ የራሴ ነው።»

ማሬሻሎው ጻፈ፣ አስፈረመው፣ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብሎ ወጣ።

ደበሳይ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ማን ለመነህ?» አለው።

«ነፍሴን አትርፈዋል፣ ጋሽ ደበሳይ። ለዚያ እንኳ ብካስዎ…»

«ምን አልክ?»

«ትንሽ እንኳ ብንካካስ ብዬ ነው።»

«ብንካካስ!» ደበሳይ ተነስቶ ቆመ። ሊመታው የመጣ መስሎት አምኃ ዓይኑን ጨፈነ። አልመታውም። «እኔና አንተ አንካካስም። አንድ ፔርሜሶ አድነህ፣ አንድ ፊርማ ፈርመህ፣ የልጄን ሒሳብ ልትዘጋ? አንተ ዋሽተህልኝ እኔ ሮም ውስጥ በሰላም ልኖር? አይሆንም፣ ወንድሜ። ዕዳህ እንዳለ ይኑርብህ።»

በባዶ እግሩ፣ በሐኪም ቤቱ ሸሚዝ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «ማሬሻሎ!» ብሎ ሲጮህ ነርሶቹ ደነገጡ። ማሬሻሎው ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር፤ ተመለሰ።

«ዋሽቶሃል» አለው ደበሳይ። «ቃሉን ያልኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነው ያልኩት። ጻፍ።»

ማሬሻሎው ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ ምን ዓይነት ጅል ነው ሳይል አልቀረም። ማስታወሻውን እንደገና ገለጠ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለ። «ስም?»

«ጽገወይኒ ደበሳይ። ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት።»

«የማንን ነው የምትነግረኝ? ተራራው ላይ ነበረች?»

«አልነበረችም። ዓዲ ሰጓን ገበያ ነበረች። የኔን ከሥር ትጽፋለህ፤ መጀመሪያ እሷን ጻፍ። ለምን እንደተናደድኩ መጠየቅህ አይቀርም።»

ማሬሻሎው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ስሙ ስለከበደው ደበሳይ በላቲን ፊደል አንድ በአንድ እየጠራ አስጻፈው፤ ተሳስቶ ሲጽፍ አሰረዘው፣ እንደገና አስጻፈው። አምኃ በተከፈተው በር በኩል እያንዳንዱን ፊደል ይሰማ ነበር።