በቀኝ በኩል ያለው ጉቶ

ጠመንጃውን የገዛሁት ለታላቅ ወንድሜ ለዴንዚል ነው። ራሱ የሚያቀባብል፣ ቃታውን በሳብክ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ ዓይነት። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ አያውቅም። ዴንዚል ዕድሜ ልኩን የተኮሰው በአባታችን ጠመንጃ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ መቀርቀሪያውን በቀኝ እጅህ ከፍተህ፣ ስበህ፣ መልሰህ የምትገፋው። ሚያዝያ ላይ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ዛለ። መቀርቀሪያው ይቅርና የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምትቆልፍለት ሚስቱ ዋንዳ ሆነች።

የአጋዘን አደን ደግሞ ህዳር ላይ ሊከፈት ነው። በእኛ በዌስት ቨርጂኒያ አደኑ በሚከፈትበት ሰኞ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይዘጋል። እኔና ዴንዚል አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያችን ሰኞ ከቤታችን በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ነን። እሱ ከወደቀው ግንድ ሥር፣ እኔ ከእሱ በስተቀኝ ካለው ጉቶ ላይ። ዘንድሮ ብቻዬን ልወጣ? አላደርገውም! ለእሱ ብዬ ገዛሁ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ የገዛሁት ለራሴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተኩስ ሜዳው ይዤው ሄድኩ። ከመኪና ሲወርድ ቀኝ ትከሻው ከበሩ ጋር ተጋጨ።

«ይሄን በር ደግሞ ማን እዚህ አቆመው?» አለ።

«ስትሰክር ነው እንዲህ የምትሆነው፤ ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ሳቅን። አይ የኔ ነገር! ዋንዳም ከሳህኑ ላይ የቀኙን በኩል ምግብ ሳይነካው እንደሚነሳ ነግራኝ ነበር። «ወጥሽ አስጠልቶት ነው» ብዬ ቀለድኩባት።

ሰባተኛው ጠረጴዛና ከፊት ለፊቱ ያለው ሰባት ቁጥር ኢላማ ደረሰን። የሜዳው ኃላፊ ዱዌን ይባላል፤ ሥራውን ያስተማረው ራሱ ዴንዚል ነው፣ ከመታመሙ በፊት ሃያ ዓመት ያን የተኩስ መስመር ሲመራ የኖረ።

«እንኳን ደህና መጡ! ዛሬ ትእዛዙን እርስዎ ይስጡልን?» አለው ዱዌን።

«አንተው ጩህ። እኔ ዛሬ ተማሪ ነኝ።»

የጥይት ካርታውን አጎረስኩለት፣ አቀባበልኩለት። ሰደፉን ግራ ትከሻው ላይ አስደገፈ፤ ቀኝ እጁን አንስቼ ከአሸዋው ከረጢት ላይ አጋደምኩለት። ዱዌን እንደ ወጉ በመስመሩ ቀኝና ግራ ያሉትን ተኳሾች እየጠየቀ ጮኸ።

«ቀኝ ዝግጁ ነው? ግራ ዝግጁ ነው? መስመሩ ዝግጁ ነው! ተኩሱ!»

ዴንዚል ሦስት ለቀቀ። ቀለሆቹ እየተስፈነጠሩ ሲሚንቶው ላይ ተንጫጩ።

«ኮይ፣ ጠመንጃ ነው ወይስ የልብስ ስፌት መኪና ነው ያመጣህልኝ?» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

«ትከሻህን ረገጠህ?»

«ኧረ ምን ይረግጣል! ገፋ አደረገኝ እንጂ። ቃታው ትንሽ ይጎረብጣል። ሌላው ግን…» ፈገግ አለ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲል አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፦ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ያቺ የዛለች ቀኝ እጁ ከከረጢቱ ላይ ትንሽ ብድግ ትልና የሌለውን መቀርቀሪያ ትፈልጋለች።

በአቅራቢ መነጽሬ ሰባት ቁጥር ኢላማን አየሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ አንድም ቀዳዳ የለበትም።

«ያ ባለሱቅ! የጠመንጃውን መነጽር አስተካክዬ ነው የገጠምኩት ብሎ ማለልኝ እኮ!» ብዬ ተሳደብኩ። ጥይቱ ከፍ ብሎ ሄዶ ይሆናል ብዬ ከጠመንጃው መነጽር ላይ ያለችውን ማዞሪያ ብዙ ወደ ታች አዞርኩ። ዴንዚል ሁለት ደገመ። አሁንም ምንም።

ዱዌን ተኩስ አቁም አለ። ሁሉም መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ከቀዩ መስመር ጀርባ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኢላማዎቹ ሄድን። በግራችን ስድስት ቁጥር ላይ የነበረው ትሬንት ወረቀቱን እያየ ይስቃል።

«አምስት ተኩሼ አሥር አገኘሁ! ማነው ቸሩ ሰውዬ?»

ተጠግቼ አየሁ። ከትሬንት ቀዳዳዎች ለየት ብለው ሦስት ቀዳዳዎች በጠርሙስ ክዳን ሊሸፈኑ እስኪችሉ ተጠጋግተዋል። ሁለቱ ደግሞ በትክክል እኔ ማዞሪያዋን ያዞርኩትን ያህል ዝቅ ብለዋል። ድንቅ ተኩስ ነው። ግን የሰው ወረቀት ላይ ነው።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶናት ከዴንዚል!» አለ ትሬንት። በክበባችን የጎረቤቱን ወረቀት የመታ ሰው ለሁሉም ዶናት ይዞ ይመጣል፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ዴንዚል ነው። ሁሉም ሳቀ። ዴንዚልም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስን። ተቀምጦ አሻግሮ አየ።

«ኮይ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ወረቀት የኔ አይደለም እንዴ?»

ከስድስት በስተቀኝ ሰባት አለ፤ ከሰባት በስተቀኝ ደግሞ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር አሉ። በሩ፣ ሳህኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዴንዚል በቀኙ ያለውን አያይም። መናገር ነበረብኝ። ግን ያቺ ሰኞ፣ ያ ሸንተረር… «አዎ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ብቻ በል» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያ ነው ያልኩት።

ካርታውን መልሼ አጎረስኩለት፤ ዱዌን ጮኸ። «ቀኝ ዝግጁ ነው?»

ዴንዚል ጠመንጃውን አልነካም። ግራ እጁን ከፍ አደረገ።

«ቀኙ ዝግጁ አይደለም!»

በሃያ ዓመት የመሪነት ድምፁ ነው የጮኸው። አንድ ሰው እንዲህ ካለ መስመሩ ሁሉ ይጠብቃል፤ ማንም ጣቱን አያነቃንቅም። ዱዌን ወደ ቀኝ ተራመደ፣ ሁሉንም አየ፣ ግራ ተጋባ።

«ማነው ያልተዘጋጀው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዴንዚል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኮይ፣ የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ። በቀኝህ ቆሜያለሁ።»

ጭንቅላቱን አዞረ፤ ብዙ አዞረና ፊቴን ሲያገኘው ደነገጠ። አንድ ክንድ እንኳ አልራቅኩትም ነበር።

«እዚሁ ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔማ አስቀድሜ እያለቀስኩ ነበር።

«ጉቶህ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ እኮ።»

«አንተ ንገረኝ።»

«በቀኝህ ነው።»

ጠመንጃውን በግራ እጁ ወደ እኔ ገፋው፤ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞረ፣ እንደ ደንቡ።

«እንግዲያው ሰኞ አልወጣም» አለ።

በግራህ እቀመጣለሁ፣ ጉቶውን እተወዋለሁ ብዬ ለመንኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። «በቀኜ የሚያልፈው አንተ ባትሆን ሌላ ሰው ነው፤ አላየውም» አለኝ። ካርታውን አወጣሁ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አሳየሁት። ዱዌን አሁንም ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ዴንዚል ሊነሳ ሲል በቀኝ ክንዱ ያዝኩት።