የቲቸር ግራ እጅ

ስትሮክ የመታት ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ እንደያዘች ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረው አንደበቷ ተያዘ፤ ቀኝ እጇም የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ተጋደመ። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነበር የሚላት፤ ባሏ ሳይቀር።

ባሏ የዜማ ደራሲ ነው። ሐኪሙ፣ «መናገር ያቃታቸው አንዳንዶች መዝፈን አያቅታቸውም፤ ከድሮ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀውን በዜማ ይሞክሩላት» ካለው ጀምሮ እህል ከአፉ አልገባ አለ። የጉብዝናቸውን ዘፈን ሞከረ፣ የእሹሩሩውን ሞከረ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በየዓመቱ ለተማሪዎቿ በቃሏ የምትወርድላቸው አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ግጥም ትዝ አለችው፤ ስለ ዝናብና ስለ ተዘጋ በር። ዜማ ሊሠራላት ፒያኖው ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ በገዛ ቋንቋዋ ውሃ ማለት ያቃታት ሰው በባዕድ ቋንቋ ልትዘፍን?» አለችው ልጁ።

«ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። ተይኝ እባክሽ።»

ዜማው ጣፋጭ ነበር። ቲቸር ግን ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ በደህናው እጇ ጠረጴዛውን ጧ! አደረገችው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምን በደልኩሽ? ሰው እኮ ነኝ! ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

ቲቸር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ግን የእናቷን እጅ ትኩር ብላ ስታይ ቆይታ፣

«አባዬ፣ እስቲ እንደገና ዝፈነው» አለችው።

ዘፈነው። ጧ! እሱ ድምፁን ከሚያረዝምበት ቦታ ቀደም ብላ። ጧ! አሁንም ቀደም ብላ። የእንግሊዝኛ ቃል ጠንከር ተደርጎ የሚረገጥ ቦታ አለው፤ እሱ ደግሞ በየስንኙ ሌላ ቦታ ሲረግጥ ከርሟል።

«እያረመችኝ ነው!» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ እያረመችኝ ነው የጮህኩባት!»

ወረቀቱን ቀዶ በእጇ ምት ልክ አዲስ ጻፈ። ማጣፈጫውን ሁሉ አራገፈው፤ የቀረው ሊያወሩት የሚቻል ዓይነት ዜማ ነው። አብሯት ጀመረ። አፏን ከፈተች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁን አጠፋ፤ እሷ ግን ቀጠለች፤ አራቱንም ስንኝ፣ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ። ልጅቷ የእናቷን እግር አቅፋ ተንሰቀሰቀች።

ጉጉት ክፉ ነው፤ ባሏ በዚያ ማቆም አልቻለም። «በይ አሁን ስሜን ጥሪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ!»

ቲቸር ዓይኗን ጨፍና ታገለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯ በላብ ራሰ።

«ሬይን» አለች።

የግጥሙ የመጀመሪያ ቃል ነበር። መሳሳቷን ራሷ አወቀችው፤ ፊቷ ጠቆረ። ኮሌታውን ጨምድዳ ወደ ራሷ ሳበችው፤ «ሬይን… ሬይን!» እያለች፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው።

«አቤት» አላት። ሌላ ምን ይበል?