አስራ አንድ ደቂቃ

በ2002 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲታመስ፣ እኛም ጤና ጣቢያ ሰዓት የሚይዝ ሰው መጣ። ኤልያቄም ይባላል። ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የሩጫ ሰዓት በእጁ ይዞ እኔ ክፍል ጥግ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። በሽተኛ ሲገባ ይጫናል፣ ሲወጣ ይጫናል። ልጁ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ፣ ጠልቼው እገላገል ነበር።

ከተማችን ከጌዶ ወደ ባኮ ሲወርዱ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ናት። እዚያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ልጄ ናኦሚ ግን አምቦ ነው የምታድገው፣ እናቴ ዘንድ። በወር አንዴ ሄጄ ሳያት እኔን እንደ እንግዳ አፍራኝ አያቷ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች። ይሄ እንዴት አንጀት እንደሚበላ የወለደ ያውቀዋል። ዝውውር ብጠይቅ፣ ብጠይቅ፣ ወፍ የለም።

በሦስተኛው ቀን ኤልያቄም ቅጹን አሳየኝ። ለአንድ ታካሚ የተመደበው ስምንት ደቂቃ ነው፤ የእኔ አማካይ አስራ ዘጠኝ። አስራ አንዱን ደቂቃ በቀይ ከቦ «ብክነት» ብሎ ጽፎበታል። ከእንግዲህ ዝውውር በውጤት እንደሆነም ነገረኝ፤ ለእኔው አዝኖ።

ብክነት ያለው ሰላምታውን ነው። የእኛን አገር ገበሬ «አካም ጅርቱ» ብትሉት «ፈያ» ይላል፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ልጁን ቀብሮ ቢመጣም ፈያ ነው። ይሄ የመጀመሪያው ለፈጣሪ ነው፤ ሳያመሰግኑ ማማረር ነውር ነው። ከዚያ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ትጠይቁታላችሁ፤ እሱም የእናንተን ይጠይቃል። ሁለተኛው ፈያ ለይሉኝታ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ነው ትከሻው ወረድ ብሎ «ፈያ ነው፣ ግን...» የሚለው። የእኔ ሥራ ያቺ «ግን» ናት። ኪኒንማ ማንም ይቆጥራል።

ኦቦ ቦጂያ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዬ ነበሩ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ከቆላው ሁለት ሰዓት በእግራቸው እየተጓዙ፣ በየቀኑ እፊቴ ኪኒናቸውን ይውጡ ነበር። አንድ ቀን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ኪኒኑ ሽንቴን ደም አስመሰለው፣ ከነገ ጀምሮ ልተወው ነው አሉኝ። የመድኃኒቱ ቀለም እንደሆነ አስረድቼ፣ ተሳስቀን ተለያየን። ቢተዉት ኖሮ እንደገና ስምንት ወር መድኃኒት፣ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ነበር የሚጠብቃቸው፤ እስከዚያ ካልሞቱ። እስቲ ኤልያቄም ይሄን የትኛው ሳጥን ውስጥ ይጽፈዋል?

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ግን ፈጠንኩ። አዎ፣ እኔ ወርቅቱ፣ የገበሬ ልጅ። ናኦሚ በዓይኔ ላይ እየዞረች በሽተኛው ሳይቀመጥ «ምንዎን ነው?» ማለት ጀመርኩ። ጎበዝ ተባልኩ።

ኦቦ ቦጂያ የየቀኑን ሁለት ወር ጨርሰው በወር አንዴ ብቻ መምጣት ጀምረው ነበር። በጥር መጡ። አካም ጅርቱ፣ ፈያ፤ በቃ። መዝገቡን ገልጬ ቅጹ ላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ? የለም አሉ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ኪኒኑን ተቀብለው አልተነሱም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል ያሽከረክራሉ። እናቴን ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኩና የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቆየ አሉ። እኔ ቀጣዩን ታካሚ ተጣራሁ።

ምን ልዋሻችሁ፣ ገብቶኝ ነበር። ሰው ኪኒኑን ይዞ ተቀምጦ ሲቀር «ግን» እንዳለው አጥቼው አይደለም። በሚቀጥለው ወር እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩት። በየካቲትም መጡ፤ የቅጹን ጥያቄ ደግሜ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ «ግን»ቷን በየካቲትም አልጠየቅኳቸውም።

የምታስለው ልጃቸው ኡርጌ ነበረች። ታጭታለች፣ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። መዝገብ ዘርግቶ ለሚጠይቅ ሰው «ልጄ ታስላለች» የሚል አባት በእኛ አገር የለም። ወሬው አማቾቿ ጆሮ ከገባ አለቀላት። ያን የሚያወጣው ቀስ ብሎ በከብት፣ በዝናብ ዞሮ የሚደርስ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ሁለት ጊዜ መንገዱን ጀምረውልኝ ነበር።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል በቃሬዛ አመጧት። አጥንቷ ነው የቀረው። ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ አባቷ ሁለት በሬያቸውን ሸጠው ተከተሏት። በሦስተኛው ሳምንት ሬሳዋ ተመለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልሆነም።

ለቅሶ የሄድኩት ልናገር ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ስደረድር ነው የሄድኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እያወቅኩ ነው የሸኘኋቸው ልል። ገብቼ ሳልቀመጥ ኦቦ ቦጂያ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

«ይህቺ ልጅ ጠይቃኛለች» አሉ። «የሚያስል ሰው አለ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። የለም ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

የኡርጌ እናት ቀና ብለው ባላቸውን አዩአቸው። እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም፤ አያሳያችሁ።

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። የዝውውር ደብዳቤዬ ዞን ላይ ፊርማ እየጠበቀ እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ ናኦሚም ትዝ አለችኝ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ አለችኝ። አሜን ብዬ ተቀመጥኩ።

የኡርጌ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ባላቸውን አናግረዋቸው አያውቁም አሉ። አንድ ጣራ ሥር፣ ለየብቻ ነው የሚበሉት። እኔ በግንቦት አምቦ ገባሁ።