ማዶግ ባዶ የተወው ገጽ

ለንደን ላይ ንጉሡና ፓርላማው ጦር ሊማዘዙ ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ነው። እሜቴ አንጋራድ የቤታቸውን የድሮ ብራና ማዶግ እንዲገለብጠው መፍቀዳቸውን ከቅዳሴ ስንወጣ ሰማሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የነገረኝም ሰው እየሳቀ ነበር።

"አንተ ሪዘርክ፣ ያንን መጽሐፍ ስንት ዓመት ለመንክ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ማዶግ እኮ አንዴ ነው የጠየቀው!"

እሰይ፣ እንኳን ተሳካለት ብዬ ቤቴ ገባሁ። ምሳ አልበላሁም፤ የተቀመጠልኝን የአጃ ቂጣ ለዶሮዎች ፈረፈርኩላቸው። ቅናት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለእውቀት ከመቆርቆር የመጣ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬአለሁ፤ ለእውቀት የተቆረቆረ ሰው ግን ምሳውን ለዶሮ አይሰጥም።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። ባለቅኔዎች ከጌታ ቤት ወደ ጌታ ቤት እየዞሩ የሚያወድሱበት ዘመን አልፏል። የጌቶቹ ልጆች ለንደን ሄደው ሕግ ይማሩና የአባታቸውን ቋንቋ ረስተው ይመለሳሉ። የአያቶቻችን ግጥም የቀረው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ብራና ላይ ነው፤ እሱንም አይጥ ይበላዋል፣ ልብስ ሰፊ ቆርጦ መለኪያ ያደርገዋል። እኛ ጥቂት ጸሐፊዎች በየደጁ እንለምናለን። ፈቃድ ስናገኝም መጽሐፉ ከቤት ስለማይወጣ እዚያው ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን እንገለብጣለን። ሌሎቹ ደግሞ ከብራናው ከገለበጠው ሰው ይገለብጣሉ፤ በመጨረሻው ገጽም "ከእገሌ መጽሐፍ የተቀዳ" ብለው ይጽፋሉ። እኔ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ያንን ብቻ ነበር። እገሌ መሆን።

ማዶግ በአሥር ዓመት ያንሰኛል። እጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል፣ ግን ያምራል። የገባበት ቤት ሁሉ ያበሉታል። የእሜቴ አንጋራድ ውሻ እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጮህብኝ ኖሮ እሱን ገና በመጀመሪያው ቀን እግሩ ሥር ተኛለት።

በየካቲት ጨረሰና ግልባጩን ይዞ መጠጥ ቤት መጣ። ሰው ተሰበሰበ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ላየው ተቀበልኩትና አንድ በአንድ እገልጥ ጀመር። የተዘለለ ስንኝ፣ የተሳሳተ ስም፣ የቀለም ጠብታ፣ ምንም ይሁን ምን ብቻ ይገኝልኝ።

"ኧረ ወንድሜ፣" አለኝ ማዶግ፣ "መጽሐፍ ነው እኮ፣ የሕፃን ራስ አይደለም። ቅማል የለውም።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት መቶ ሠላሳኛው ገጽ አካባቢ ስደርስ ግን አንድ ባዶ ገጽ አገኘሁ። ከላይ ርእስ ብቻ ተጽፏል፤ ወንዝ ስለበላት ሴት የተገጠመ ሙሾ ነው።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"እሱ ጠፍቷል። አይነበብም።"

"አይነበብም ወይስ አላነበብከውም?"

ማዶግ ትከሻውን ነቀነቀ። "ያው ነው።"

ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ቢራዬን አንስቼ እስከ ግማሽ ጠጣሁት። የብርዱን ወራት በሙሉ እንዲያ የጣመኝ ነገር አልነበረም።

መጋቢት ላይ እሜቴ አንጋራድ ራሳቸው አስጠሩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ቃላቸው እንደ በር መቀርቀሪያ ጥብቅ የሆነ ሴትዮ ናቸው። ብራናውን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው ጠበቁኝ፤ የማዶግንም ግልባጭ ለማስተያየት እንዲመቸኝ ተውሰው አጠገቡ አኑረውታል።

"ያንን ገጽ የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ። እስቲ እናያለን። በዓይንህ ብቻ ግን! ፈሳሽ ነገር ይዘህ ከሆነ እዚሁ አውጣ። የእናንተን ነገር አውቀዋለሁ።"

"ኧረ እሜቴ፣ ምን በወጣኝ!"

ጠርሙሱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ፈሳሹን ማንኛውም ጸሐፊ ያውቀዋል። በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚያብጠውን ኳስ መሳይ ነገር ቀጥቅጠህ በነጭ ወይን ትዘፈዝፈዋለህ። የደበዘዘ ጽሑፍ ላይ ስትቀባው ቀለሙ ተመልሶ ይጠቁራል። አንዳንዱ ብራና ይችለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥቂት ቀን ቆይቶ ራሱ ብራናው ይጠቁራል፣ ያኔ ጽሑፉም ባዶ ቦታውም አንድ ይሆናል። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር።

መጀመሪያ በዓይኔ ሞከርኩ፤ ይህን እግዜር ያየዋል። ሰማዩ ስለደፈነ ብርሃን የለም። ከአሥራ አራቱ ስንኝ አራት ያህል ቃል ለቀምኩ። ተነስቼ "አይነበብም" ልል ይሆን? ማዶግ ያለውን ቃል፣ በእሱ ድምፅ? አልቻልኩም። ጠርሙሱን ከፈትኩት።

ፊደሎቹ መውጣት ጀመሩ። አንድ በአንድ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ ለእኔ ብቻ ወጡ። "ማዶ ሆኜ ስጠራት መጣሁ አለችኝ፤ የመለሰልኝ ግን ውሃው ነው" ይላል አንዱ ስንኝ። አሥራ አራቱንም በወረቀቴ ላይ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልተርክም ነበር።

የማዶግ መጽሐፍ ግን አጠገቤ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሌሎች የደበዘዙ ገጾችም ነበሩ፤ እሱ በዓይኑ ተጨንቆ ያነበባቸው። በግምት ሞልቶት ቢሆንስ አልኩ። ስህተቱን ባገኝ፣ ከብራናው በትክክል የገለበጠው እኔ እሆናለሁ። ሌላ ገጽ ቀባሁ። አስተያየሁት፤ ልክ ነው። ሌላ ቀባሁ። ልክ ነው። በንዴት ስምንት ገጽ እስኪሞላ ቀባሁ። ከስምንቱ ገጽ አንዲት ፊደል አልሳተም።

በዘጠነኛው ቀን እሜቴ አንጋራድ ድጋሚ አስጠሩኝ። መጽሐፉ ተከፍቷል። ዘጠኙ ገጾች ከሰል መስለዋል፤ ጠርዛቸው ተኮማትሯል።

"እጅህን አሳየኝ" አሉኝ።

ዘረጋሁት። ጣቶቼ ገና ቡናማ ነበሩ።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "የባሌ ቅድመ አያት ለዚህ መጽሐፍ ሁለት በሬ ሰጥተዋል" አሉና መጽሐፉን ዘጉት። "ለማዶግ አንተው ንገረው። እኔ አልነግርልህም።"

ማዶግ ቤቱ ወረቀት ሲቆርጥ አገኘሁት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠርሙሱን፣ ስምንቱን ገጽ፣ ስህተቱን ስፈልግ እንደነበር ጭምር። መቁረጫውን አስቀመጠ።

"ሰኔን መጠበቅ አቃተህ?" አለኝ። "ያ መስኮት እኮ በሰኔ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ብራናውን ዘንበል አድርገህ ስትይዘው የብዕሩ ጭረት ይታያል። ለእሜቴ ነግሬአቸው ነበር።"

"ምን ብለህ?"

"ሪዘርክን ይጥሩት ብዬ ነዋ! በዚህ አገር ከእሱ ዓይን የሚበልጥ የለም አልኳቸው። ማን አስጠራህ መሰለህ?"

ቡናማ ጣቶቼን እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ስድስቱን ስንኝ እኔም አንብቤአቸው ነበር" አለ። "ግማሹን እኔ ጽፌ ግማሹን አንተ ብትሞላው የማን እንደሆነ ይደባለቃል ብዬ ገጹን በሙሉ ተውኩልህ። ስምህ ብቻውን እንዲቆም።"

ከዚያ ከእሜቴ የተመለሰለትን ግልባጩን አምጥቶ ባዶው ገጽ ላይ ከፈተው፤ የራሱን ብዕር ቀለም ነክሮ ሰጠኝ። አሥራ አራቱን ስንኝ ጻፍኩ። ከታች ስሜን እንድጽፍ ነገረኝ፤ እሱንም ጻፍኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቤ ቆሞ በስሱ እፍ ይልበት ነበር።

ይቅርታ የተደረገለት ሰው ይቀለዋል ይላሉ። እኔ አልቀለለኝም። ዕድሜ ልኬን ማዶግን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።